ለሁለት ሰው የበቃ ሳንባ

ኑ፣ ተጠጉ። አንተ ከደጃፉ ተነሣና ወደ ግድግዳው ና፤ ፀሐይዋ እዚህ ናት። ብርድ ልብሱን ለእህትህም አካፍላት እንጂ! በሐምሌ ብርድ ወሬ የሚጥመው ጀርባን ለሞቀ ድንጋይ ሰጥቶ ነው። ስለ አባቴ ልነግራችሁ ነው። ያኔ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ያየሁትን እንዳየሁት እነግራችኋለሁ፣ የተሳሳትኩትንም እንደተሳሳትኩት። ከመሐል ላይ ዝም ካልኩ አትጎትጉቱኝ፣ እመለሳለሁ።

አባቴ ጼሊሶ ይባላል። እንደ መንደራችን ወንዶች ሁሉ ድንበር ተሻግሮ ወርቅ ጉድጓድ ይወርድ ነበር። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ለገናና ለፋሲካ፣ ጥቁር የቆርቆሮ ሻንጣውን በትከሻው ይዞ ዳገቱን ሲወጣ ከሩቅ አየውና እሮጣለሁ። ሻንጣው ሲከፈት መጀመሪያ የሳሙና ሽታ ይወጣል፣ ቀጥሎ ለእናቴ የተገዛ ጨርቅ፣ ከሥር ደግሞ ለእኔ ከረሜላ። ለእኔ ወርቅ ማለት ያ ከረሜላ ነበር።

ከእሱ ጋር የሚመላለሰው ጎረቤታችን ህላሌሌ ነው። አብረው ይሄዳሉ፣ አብረው ይመጣሉ። ከምድር በታችም አንድ መሰርሰሪያ ነበር የሚይዙት፤ አባቴ ከኋላ ይገፋል፣ ህላሌሌ ጫፉን ከድንጋዩ ላይ ያቆምለታል።

በዚያ ዓመት ግን አባቴ ፋሲካ ካለፈ በኋላ መጣ። ሻንጣውን የተሸከመው ህላሌሌ ነበር። አባቴ ባዶ እጁን እየተራመደ በየሃያ እርምጃው ይቆማል፤ አገሩን የሚያይ ይመስል ዙሪያውን ይቃኛል።

«ዕረፍት ሰጡህ እንዴ አባባ?» አልኩት።

«አዎ ሊኬሌሊ፣ ረጅም ዕረፍት» አለኝ።

ደስታዬን አልችለውም። በማግስቱ «እስከ ከብቱ በረት እንሽቀዳደም» ብዬ ጨቀጨቅኩት። ድሮ ሁልጊዜ እሱ ነበር የሚቀድመኝ፣ በረቱ ጋ ደርሶም እያፏጨ ይጠብቀኛል። ያን ቀን ደርሼ ዘወር ስል እሱ ገና መንገድ መሐል ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። «አባባን ቀደምኩት! አባባን ቀደምኩት!» እያልኩ መንደሩን ሁሉ አዳረስኩ። የህላሌሌ ሚስት ማፑሌ ልብስ እያሰጣች ነበር። ተረበኛ ናት፣ በሌላ ቀን ቢሆን ሁለት ቃል ትወረውርልኝ ነበር። ያን ቀን ግን ፊቷን ወደ ገመዱ አዞረች።

ያንን ጩኸቴን ዛሬ መልሼ ብውጠው ደስ ይለኛል።

«ምን ሆነህ ነው የምትስለው?» ብዬ ስጠይቀው «ተራራው ውስጤ ገብቶ ነው» አለኝ። አመንኩት። ደረቱ ላይ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ውስጡ ጠጠር ላይ የሚጎተት የበቆሎ ጆንያ ይመስላል። እውነትም ተራራ አለ አልኩ በልቤ፣ ኮራሁም። የማን አባት ነው ተራራ የዋጠው?

ከጉድጓዱ ሥራ ሲያሰናብቱት አንድ ወረቀት ሰጥተውት ነበር። ያነበበችልን የሚሲዮኑ ሆስፒታል ነርስ ቬሮኒካ ናት፤ በየሳምንቱ በበቅሎ ወደ መንደራችን ትወጣለች። «ሳሉ ከትንባሆና ከቤት ውስጥ ጭስ የመጣ ነው ይላል» አለች።

«ትንባሆ?» አለ አባቴ ወደ እናቴ ዞሮ፤ በእኔ ስም ማሊኬሌሊ፣ የሊኬሌሊ እናት፣ ነበር የሚላት። «ማሊኬሌሊ፣ ፒፓ ይዤ አይተሽኝ ታውቂያለሽ?»

«አንተ መሰርሰሪያ ስትይዝ እንጂ ሌላ ነገር ስትይዝ አላየሁም» አለች እናቴ። «እሱንም ቢሆን ከእኔ የበለጠ አቅፈኸው ነው የኖርከው።»

አባቴ ሳቀ። ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ፣ እናቴም ጀርባውን እያሻሸች «ይቅርታ፣ አላስቅህም፣ አላስቅህም» ትለው ጀመር።

በሌላ ቀን ነርሷ መጥታ እናቴ «ውኃ ቅጂ» ብላ አስወጣችኝ። ባልዲውን ይዤ ከግድግዳው ጀርባ ቆምኩ። ነርሷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች፤ የሚደርሰኝ ቁርጥራጩ ብቻ ነው። «... ከተማ ያሉት ቆርጠው ያዩታል ...» «... ከሳንባውም፣ ከልቡም ...» ከዚያ የእናቴ ድምፅ፦ «ሳይበላሽ እንዴት ይደርሳል?»

በዚያ ዓመት ከወንዙ ማዶ አንድ ሰው አካሉ ጎድሎ ሞቶ ተገኝቶ ነበር። መድኃኒት ቀማሚዎች ናቸው ተባለ። ለትልልቅ ሰዎች ኃይል የሚሆን ነገር ከሰው ገላ ይወስዳሉ ይባል ነበር። እኛ ልጆች ምንጭ ስንወርድ እንኳ ተያይዘን ነበር የምንሄደው። እንግዲህ ቆርጦ፣ ሳንባ፣ ሳይበላሽ የሚሉትን ቃላት ከእናቴ ቤት ግድግዳ ጀርባ የሰማሁት እንደዚያ ፈርቼ በነበረበት ጊዜ ነው።

ቀሪውን የሰማሁት አድጌ ነው። ነርሷ የምትነግራቸው ሕጉን ነበር። የወርቅ ጉድጓድ ሠራተኛ ሲሞት ቤተሰቡ ከፈቀደ ሳንባው ከተማ ይላካል፣ ሐኪሞች ይመረምሩታል፣ የድንጋዩ አቧራ ካለበት ይገኛል፣ ይጻፋል። «በሕይወት እያለህ የምትናገረውን አይሰሙህም፤ ይኼኛውን ምስክር ግን ዝም በል ሊሉት አይችሉም» ነበር ያለችው። አባቴም «ውሰዱት፣ እኔ እንደሆነ እየሠራሁበት አይደለም» ብሎ ቀልዶ ወረቀቱ ላይ አውራ ጣቱን አሳረፈ። እኔ ያኔ እዚያ የለሁም፤ ፈርቼ ባልዲውን ጥዬ ሮጬ ነበር።

አባቴ በሰኔ መጨረሻ፣ በሆስፒታሉ፣ በማክሰኞ ሞተ። በረዶ ወርዶ የሚሲዮኑ መኪና መንቀሳቀስ አልቻለም። ሬሳውን በበሬ በሚጎተት እንጨት ላይ አድርገው ዳገቱን አወጡት፣ እናቴም ከኋላ በእግሯ መጣች። ጥቁሩ ሻንጣ ከሬሳው አጠገብ ታስሮ ነበር።

በእኛ ዘንድ ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ውስጥ መሬት ላይ ፍራሽ ይነጠፍላታል፤ ቀብር እስኪያልፍ እዚያ ተቀምጣ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ትቆያለች። ከቤት መውጣት ነውር ነው፤ ነውርም ብቻ አይደለም፣ በሟቹ ላይ ጀርባ እንደማዞር ነው። እናቴም ተቀመጠች። ሻንጣውን ከራስጌዋ አስጠጋች።

ሴቶቹ ጓዳ ሲገቡ፣ እናቴንም በብርድ ልብሷ ውስጥ እንቅልፍ ሲወስዳት፣ ሻንጣውን ከፈትኩት። ሰው ሞቷል፣ ግን የልጅ ነገር፤ ከሥር ከረሜላ ይኖራል ብዬ። የሳሙናው ሽታ አልነበረም። ዓይን የሚያቃጥል፣ አፍንጫ የሚቆርጥ ሽታ ወጣ። በአባቴ የሥራ ልብስ የተጠቀለለ፣ ክዳኑ በሰም የታሸገ ቆርቆሮ። ላዩ ላይ ስሙ ተጽፏል። ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ፣ ጼሊሶ የሚለውን ማንበብ እችላለሁ።

ክዳኑን መልሼ ዘጋሁ። እናቴ አባቴን ሸጠችው፤ ያኔ የገባኝ ይኼ ነው።

ሐሙስ ጠዋት ስነሣ ጉሙ እስከ ደጃፉ ወርዷል። እናቴ ፍራሹ ላይ ተከናንባ ተቀምጣለች። ልሞቅ አጠገቧ ስገባ እግሯን አየሁት። የእናቴ አውራ ጣት ላይ የመጥረቢያ ጠባሳ አለ። ይኼ እግር ጠባሳ የለውም፤ ተረከዙም የተሰነጠቀ ነው።

«ማፑሌ ነሽ!» አልኩ።

«እሽሽ! እናትሽ ነኝ» አለ ብርድ ልብሱ።

«አይደለሽም!»

«ዛሬ ነኝ። አንዲት ቃል ትንፍሽ ብትይ ጆሮሽን ነው የምቆርጠው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ያስቀኝ ነበር። ያን ጠዋት ግን «እቆርጣለሁ» የሚለው ቃል ቆርቆሮውን አስታወሰኝ። ራስጌ አየሁ። ሻንጣው የለም።

ሮጥኩ። የአባቴ ታላቅ ወንድም ማፊሳ ደጅ ከወንዶቹ ጋር እሳት ይሞቃል። ትልቁ አባባ ነበር የምንለው።

«ትልቁ አባባ፣ እናቴ ፍራሹ ላይ የለችም።»

«ምን አልሽ?»

«አባባን በሻንጣ ይዛ ሄደች። ሆዱን ... ውስጡን። ለመድኃኒት ሰዎች።»

ማፊሳ ተነሥቶ ሬሳው ወዳለበት ገባ። ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሎ ነበር። ፈረሱን አስጫነ።

እናቴ የሄደችው ተራራው አፋፍ ላይ ወዳለው ሱቅ ነው። የፖስታ አውቶቡስ ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ይቆማል። ነርሷ ሻንጣውን ተቀብሎ ከተማ እንዲያደርስ ለሾፌሩ መልእክት ልካለች፤ የሚሲዮኑ መኪና በበረዶው ስለታሰረ ሌላ መንገድ አልነበረም። በበረዶ ውስጥ ሻንጣውን በራሷ ላይ ተሸክማ አራት ሰዓት ያህል ሄዳለች። ማፊሳ ሲደርስባት የአውቶቡሱን ጥሩምባ እየሰማች ነበር። ይኼን የነገረችኝ ማፑሌ ናት፤ እናቴ አንድም ቀን አልነገረችኝም።

ከሰዓት በኋላ ሲመለሱ አየኋቸው። ሻንጣው ከኮርቻው ፊት፣ እናቴ ከፈረሱ ጀርባ። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ በበረዶ ደርቋል። ሰው ሁሉ ግቢው ውስጥ ቆሟል።

«ማፊሳ፣ ወንድምህ ፈቅዷል» አለች እናቴ። «ጣቱን አሳርፎበታል። የገደለው ምን እንደሆነ ይታወቅልኝ ነው ያለው።»

«ወንድሜ እኮ አያቶቹ ጋ ነው የሚሄደው» አለ ማፊሳ። «እዚያ ሲደርስ በምን ተንፍሶ ነው ሰላም የሚላቸው?»

«በዚያ ሳንባ ድሮስ መቼ ተነፈሰ!» ብላ ጮኸች።

ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። ማንም ሴት እንደዚያ ተናግራ አታውቅም። ማፊሳ ቆርቆሮውን በሁለት እጁ፣ እንደ ሕፃን ይዞ ገባና ከሬሳው ደረት አጠገብ አኖረው። ቅዳሜ አብረው ተቀበሩ።

በቀብሩ ቀን በሬ ታረደ። የቀብር ሥጋ ጨው አይገባበትም። ማፊሳ ሰው ፊት አስቀርቦ ከምርጡ ቆርጦ አጎረሰኝ። «የአባትሽ ልጅ አንቺ ነሽ» አለኝ። አባቴን ያዳንኩት መስሎኝ ነበር። እያኘክሁ እናቴን ከሩቅ አየኋት። ፀጉሯን ተላጭታለች። ዓይን ለዓይን ተጋጠምን።

«ብዪ» አለችኝ፤ «ይቀዘቅዛል።»

ሌላ ምንም አላለችኝም። ያን ቀንም፣ ከዚያም በኋላ።

ማፊሳን ክፉ ሰው አድርጋችሁ እንዳታስቡት። ወንድሙን ሙሉ አድርጎ መላክ ነበር የፈለገው። እሱም በወጣትነቱ እዚያው ጉድጓድ ወርዶ ነበር፤ ኋላ እሱንም ሳሉ ያዘው።

በዓመቱ ህላሌሌም በዚያው ሳል ሞተ። በዚህ ጊዜ ፍራሹ ላይ የተቀመጠችው እናቴ ናት። ማፑሌ የባሏን ቆርቆሮ ይዛ በጉም ውስጥ ወጣች፣ እናቴ የማፑሌን ብርድ ልብስ ተከናንባ ቦታዋን ያዘች። እኔን በሩ ላይ አቆመችኝ። «ሰው ሲመጣ ምን እንደምትዪ አንቺ ታውቂያለሽ» አለችኝ። የምትቀጣኝ መሰለኝ።

ማፊሳ መጣ። «ማፑሌ እንዴት አደረች?» አለ።

ወደ ውስጥ አየሁ። ከብርድ ልብሱ ሥር ጠባሳ ያለበት አውራ ጣት ወጥቷል።

«ታለቅሳለች፣ ትልቁ አባባ። ሰው አላይም ብላለች።»

ራሱን ነቅንቆ ሄደ። እኔ ገብቶኝ አይደለም የዋሸሁት፤ የአምናው የእናቴ ዝምታ አስፈርቶኝ ነው። ኃጢአት የሠራሁ መስሎኝ ያን ሳምንት ሙሉ ስጸልይ ሰነበትኩ። በዕድሜዬ ካደረግኋቸው ነገሮች ሁሉ የምመካበት ግን ያ ውሸት ነው።

የህላሌሌ ሳንባ ከተማ ደረሰ። ከወራት በኋላ ማኅተም ያለበት ወረቀት መጣ፤ ሳንባው በድንጋይ አቧራ ተሞልቷል የሚል። ሌላ ግን ምንም አልመጣም። ማፑሌ ወረቀቱን ይዛ እስከ ማዕድኑ ቢሮ ሄደች። የበሩ ዘበኛ «እማማ፣ አንድ ወረቀት ይዘሽ ነው ተራራ የምትገፊው?» ብሎ መለሳት። ብቻዋን ነበረች። ወረቀቱን ዱቄት ዕቃ ውስጥ ከትታ፣ በላዩ ዱቄት እየጨመረች ወደ አርባ ዓመት ኖረች።

ከዚያ ማዕድኑን የሚከሱ ጠበቆች መጡ።

በትምህርት ቤቱ አዳራሽ ተሰበሰብን። ባሎቻቸው የሞቱባቸው፣ ልጆች፣ ገና በሕይወት ያሉ ጥቂት ሽማግሌዎች። እናቴን በጀርባዬ ልሸከማት ምንም አልቀረኝም፤ እንደዚያ ደክማ ነበር። ጠበቃዋ ኖሲፎ የምትባል ወጣት ሴት ናት፤ ቋንቋችንን እየተኮላተፈች ታስረዳናለች።

«የማዕድኑ ኩባንያ ለዳኛው የሚለው ይኼን ነው» አለች። «እያንዳንዱ ሰው ለየብቻው ይምጣ፣ የየራሱን ማስረጃ ያምጣ፣ ለየብቻው ይከራከር። ለየብቻ ከሄዳችሁ አንዱን ሲያመላልሱ ሌላው ይሞታል። እኛ የምንጠይቀው የጋራ ክስ ነው። ጥቂቶች ስለ ሁሉም ይቆማሉ፤ ለእነሱ የተፈረደው ለሁሉም ይሆናል።»

ከኋላ አንድ ሽማግሌ ተነሣ። «ልጄ፣ በዚያ የብረት ሣጥን ሃምሳ ሃምሳ አጭቀው ሲያወርዱንማ ለየብቻ ኑ አላሉንም!»

አዳራሹ ሳቀ። ከዚያ ሳል ሆነ፤ ረጅም ሳል፣ ከጥግ እስከ ጥግ። ጠበቃዋ እስኪበርድ እጇን አጣጥፋ ቆማ ጠበቀች።

ተራችን ደረሰ። «እማማ፣ የአቶ ጼሊሶ የሳንባ ምርመራ ወረቀት አለ?» አለች።

«የለም» አለች እናቴ። «አልደረሰም። በረዶ ነበር።»

ልጆቼ፣ እዚያ ወንበር ላይ ነው የገባኝ። ያን ሁሉ ዓመት እኔን ደብቃ ኖራለች። ከማፊሳ አይደለም፣ ከመንደሩም አይደለም፤ ከራሴ ነው የደበቀችኝ። በረዶ ነበር። እንግዲህ የአባቴ ምስክር የቀረው በበረዶ ነው ተብሎ ሊጻፍ ነው።

«በረዶ አይደለም» አልኩ። ድምፄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ድምፅ ሆነብኝ። «እኔ ነኝ የተናገርኩት። መንገድ ላይ ያስያዝኳት እኔ ነኝ። እዚያው አብሮት ተቀብሯል። እኔ ነኝ።»

እናቴ እጄን ያዘችኝ። አላጠበቀችውም፣ አልለቀቀችውም። «ልጅ ነበረች» አለቻት ጠበቃዋን፤ የምታማልድ ይመስል።

ያን ጊዜ ማፑሌ ተነሣች። ጎብጣለች፣ ምላሷ ግን እንደ ድሮው ነው። ዱቄት የለበሰ ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች።

«ይኼ የህላሌሌ ነው» አለች። «ባሏና ባሌ አንድ መሰርሰሪያ ነው የያዙት፤ የእሷው ከኋላ፣ የእኔው ከፊት። እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ሁለት አየር አልነበረም። ይኼ ሳንባ ለሁለት ሰው አይበቃም የሚል ካለ እኔ ጋ ላኩት!»

ጠበቃዋ ወረቀቱን ሁለት ጊዜ አነበበች። ጉድጓዱን፣ ዓመቱን፣ የሥራውን ዓይነት። «ይበቃል፣ እማማ» አለች። «የጋራ ክስ ማለት ይኼው ነው።»

እናቴ አውራ ጣቷን አሳረፈች። በሚቀጥለው የፀደይ ወር ሞተች። ፍርድ ቤቱ አብረን እንድንቆም የፈቀደው እሷ ከሞተች ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። ማዕድኑ ይግባኝ አለ፣ ቀጠሮ ጠየቀ፣ በመጨረሻ ለመካስ ተስማማ። በዝርዝሩ ላይ ካሉት አብዛኞቹ ያን ቀን አላዩትም። አዳራሹ ውስጥ የቀለደው ሽማግሌም አላየውም። ማፊሳም ስሙ ነበረበት፤ እሱ ከሞተ ቆይቷል።

ለእኔ የደረሰኝ ደብዳቤ የአባቴ ስም አለበት። ከሥሩ «በሥራው ላይ በተነፈሰው የድንጋይ አቧራ» ይላል። ትንባሆ የሚል ቃል የለበትም። መቃብሩ ጋ ወጥቼ አነበብኩለት። ማንበብ አያውቅም ነበርና ጮክ ብዬ ሁለቴ አነበብኩለት፤ ቀጥሎም ከጎኑ ላለችው ለእናቴ። ከሥር ያ ቆርቆሮ እስከ ዛሬ አለ፤ ሰሙ ይቅለጥ አይቅለጥ አላውቅም።

በሉ፣ ፀሐይዋም ዞረች። ብርድ ልብሱን አጣጥፉልኝ። ነገ ትልቅ ትሆናላችሁ፤ «ለየብቻ ኑ» የሚላችሁ ሰው አይጠፋም። ያን ጊዜ የማፑሌን የዱቄት ዕቃ አስቡልኝ። እናቴንም አደራ፤ ከበረዶው ውስጥ ባዶ እጇን የተመለሰችው በእኔ ምክንያት እንደሆነ እናንተ እንኳ አትርሱላት።